ወጋየሁ ንጋቱ በአንዲት ዐረፍተ ነገር አይታለፍም

ክቡር አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሬዲዮ ትረካ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ስለ ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ ጥሩ ተብሏል። ስለ መጽሐፉም እንደዚያው። ወጋየሁ ንጋቱ ጋ ስትደርሱ ግን በማይረሳው ድምፁ ተረከው ብላችሁ አለፋችሁ። በቃ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር።

ጋዜጣችሁን ለብቻው ልወቅስ አይደለም። ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ወጋየሁ ሲነሳ «ወይ ድምፅ!» እንላለን፣ ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ወደ ሌላ ጨዋታ እንሄዳለን። ድምፁ እግዜር የሰጠው ስጦታ ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን የአማርኛ መምህርት ነኝ። ያንን ትረካ ለዓመታት ከተማሪዎቼ ጋር አድምጬዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር የሚታየኝ ልፋት ነው። ሰውዬው የመድረክ ተዋናይ ነበር። ሬዲዮ ላይ የሰማነውም ቴአትር ነው። መጋረጃና መብራት የለውም እንጂ ሌላው ሁሉ አለ።

ወጋየሁ ወደ ማይክሮፎኑ የመጣው ከመድረክ ነው። በ1950ዎቹ ስድስት ኪሎ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የኪነ ጥበብና የቴአትር ማዕከል ተቋቋመ። ዛሬ አንጋፋ የምንላቸው ብዙ የቴአትር ሰዎች ያለፉት በዚያ በኩል ነው። ወጋየሁም ደበበ እሸቱም የዚያ ትውልድ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ሃንጋሪ ሄደው ቴአትር ተማሩ። ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ። ጊዜው የጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ የተስፋዬ ገሠሠና የመንግሥቱ ለማ ጊዜ ነበር። ሼክስፒር ሳይቀር በጸጋዬ አማርኛ መድረክ ላይ የቆመበት ዘመን ነው።

የጸጋዬን አማርኛ ጮክ ብሎ ለማንበብ የሞከረ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን አንድ ገጽ አስነብባቸዋለሁ። ግማሽ ሳይደርሱ ትንፋሻቸው ያልቃል። ዐረፍተ ነገሩ ረጅም ነው። ቃሉ ይከብዳል፣ አንዱ ሐሳብ በሌላው ላይ ይደራረባል። የት ተንፍሶ የት እንደሚቀጥል አስቀድሞ ያላወቀ ተዋናይ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ያንን ጽሑፍ ተሸክሞ፣ ማይክ በሌለበት፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለተቀመጠው ሰው ማድረስ አለበት። ወጋየሁ ትንፋሹን የገራው እዚያ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ያን ሁሉ ገጽ ሲያነብ አንድም ቦታ ትንፋሽ ሲያጥረው አለመስማታችን እንዲሁ የመጣ አይደለም።

ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ስልኬን ከአንዲት ትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ይንሾካሸካሉ። የድሮ ሬዲዮ ነዋ! ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን የኋላ ወንበር ሳይቀር ዝም ይላል። አንድ ቀን ትረካውን አቁሜ ጥያቄ ካለ ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰብለን ያነበበችው ማን ናት?» አለችኝ።

ሴት የለችም አልኳት። አላመነችኝም። ሌሎቹም አላመኑም። የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን የሚያነበው ሽማግሌ ነው፣ ፍቅረኛዋን በዛብህን የሚያነበው ወጣት ነው፣ ሰብለን የምታነበው ደግሞ ሴት ናት ብለው ደምድመው ነበር። ሁሉም አንድ ሰው ነው ስላቸው ተንጫጩ። መልሼ አጫወትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ አንዱ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ የማይናገር ልጅ ነው፣ «አፉን አይደለም የሚለውጠው፣ ሰውዬውን ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ትንታኔ ከየትም አላነበብኩም።

በማግስቱ ራሳቸው እንዲሞክሩት አደረግኩ። የፊታውራሪንና የጉዱ ካሳን ንግግር ለሁለት ልጆች ሰጠሁ። የሰብለን ለአንድ ወንድ ልጅ። ልጁ ወዲያው ድምፁን አቀጠነ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ የወጋየሁን ከፈትኩላቸው። ልብ ብላችሁ ስሙ፣ ድምፁን አቅጥኗል ወይ? አልኳቸው። አላቀጠነም። ያደረገው ሌላ ነው። ፍጥነቱን ቀንሷል። የቃሉን መነሻ አለስልሷል። በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ድምፁን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፣ የባላባት ልጅ አባቷ ቤት ስትናገር እንደምትጠነቀቀው። እኛ ሴት የምንሰማው ከዚያ ጥንቃቄ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን ስሙት። ፊታውራሪ በዘራቸው የሚኮሩ፣ ባላገሩ ከወትሮው በላይ እንዲገብርላቸው የሚፈልጉ፣ እምቢ ሲባሉ የሚያብዱ ሰው ናቸው። አንድ ተራ ተዋናይ ቢሆን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይጮህ ነበር። ወጋየሁ አይጮህም። ቃሉን ከጉሮሮው ሥር ያመጣዋል፣ ያዘገየዋል፣ የመጨረሻዋን ፊደል ይረግጣታል። ሰውዬው ተቀምጠው እንደሚናገሩ ትሰማላችሁ። ሌላው ሰው ቆሞ እንደሚያዳምጥም ትሰማላችሁ። ቁጣው ሲመጣ ታዲያ የሚጨምርበት ቦታ አለው። ደግሞም ፊታውራሪን አይጠላቸውም። ባላገሩ እጅ ሲወድቁ፣ ያ ሁሉ ኩራት ሲገፈፍ፣ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ልጅ የሚመስል ነገር ይገባል። ልጅ ሆኜ እዚያ ቦታ ላይ አዝኜላቸው ነበር። ለምን እንዳዘንኩ ግን ያኔ አላወቅሁም። ተዋናዩ አዝኖላቸው ስለነበር ነው።

ጉዱ ካሳ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የተማረ ነው፣ አገሩ እንደ እብድ የሚያየው ሰው ነው፣ የሚያስበውን ከመናገር የማይመለስ ነው። ወጋየሁ ይህን ሰው እብድ አድርጎ አልተጫወተውም። ንግግሩን ፈጠን አድርጎታል፣ ከአፉ ሐሳቡ የሚቀድምበት ሰው አስመስሎታል። አንዳንዴ መሀል ላይ ቆም ይላል። ያ ዝምታ «ይኼ ሰው ይገባው ይሆን?» የሚል ዝምታ ነው። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ይቀጥላል። በሬዲዮ ዝምታን መጫወት ከባድ ነው። የሚታይ ፊት የለም፣ የሚታይ እጅ የለም። ትንሽ ከረዘመ አድማጩ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለዋል። ወጋየሁ ግን ልኩን ያውቃል።

ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙም አንድ ነገር ልበል። እነሱ የበዛብህ ወላጆች ናቸው፣ ታሪኩ የሚከፈተው በእነሱ ነው። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። የጎጃም ባላገር እንዴት እንደሚናገር ከማንም በላይ ጆሮዬ ያውቀዋል። ዛሬ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ባላገር ሲመጣ ያናድደኛል። ቃሉን ይጎትቱታል፣ ያጣምሙታል፣ ለማሳቅ ይጠቀሙበታል። ባላገር ማለት ሞኝ ማለት የሆነ ይመስላል። ወጋየሁ ይህን አላደረገም። ቦጋለ ድሃ ነው፣ የሰው ቤት ያደረ ሰው ነው፣ ግን ያስባል፣ ይቆጥራል፣ ይቀየማል። ውድነሽ ባል አይበረክትላትም ተብላ የተፈራች ሴት ናት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አያቶቼ ቡና ላይ ሲነጋገሩ የሰማሁትን ዓይነት ጥንቃቄና ክብር ነው የምሰማው። እናቴ ያን ክፍል ስትሰማ ሥራዋን ታቆም ነበር። እህል እየለቀመች ከሆነ ሰፌዱ ጭኗ ላይ ይቀራል። «እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ» ትል ነበር። ያነበበው ሰው ተዋናይ መሆኑን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህ ሁሉ ከሬዲዮው ብቻ የተገኘ ነው። መድረኩስ?

እኔ ወጋየሁን መድረክ ላይ አላየሁትም። በ1982 ዓ.ም. ሲያርፍ እኔ ቡሬ ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ መጥቼ ትምህርት ስጀምር ያዩትን ሰዎች መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ጡረታ የወጡ የሥራ ባልደረባዬ ብሔራዊ ቴአትር ደጋግመው አይተውታል። ፊታቸው እየበራ ነው የሚያወሩት። ወጋየሁ ሲገባ ሰው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጥ ነበር ይሉኛል። ምን አድርጎ ነው? እላለሁ። ያስባሉ። እጃቸውን ያነሳሉ፣ አንድ ነገር ሊያሳዩኝ ይጀምሩና ይተዉታል። የትኛው ቴአትር ነበር? ስላቸው ጠፋባቸው። ሁለት ርዕስ አነሱ፣ መልሰው ሁለቱንም ጣሉ። እያዘኑ ነበር። በዕድሜ አይፈረድም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያ ምሽት ከእሳቸው ጭንቅላት ሌላ የተቀመጠበት ቦታ አለመኖሩ ነው።

ፎቶዎች አይቻለሁ። የቆዩ የቴአትር ፖስተሮችም አይቻለሁ። ሲራመድ፣ ሲዞር፣ ሌላውን ተዋናይ ሲያዳምጥ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ግን ብፈልግ ብፈልግ እኔ እጅ አልገባም። በአንድ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ ሕዝብ እንዲያየው አውጡት። ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ መጋረጃውን ሲከፍት ኖሯል። ሀገር ፍቅር ከዚያም ቀድሞ፣ ከ1927 ጀምሮ ነው። በእነዚህ መድረኮች ላይ ያለፈውን የትወና ብዛት አስቡት። ከዚያ ውስጥ ዛሬ አንድ ተማሪ ቁጭ ብሎ ሊያየው የሚችለው ስንቱ ነው?

እዚህ ላይ የወጋየሁን የሙያ ጓደኛ የጋሽ ደበበ እሸቱን ነገር ማንሳት አለብኝ። የሁለቱ መንገድ ከአንድ ቦታ ተነስቶ የቀረልን ነገር ግን በጣም ይለያያል። ወጋየሁ በድምፅ ቀረ። ጋሽ ደበበ ደግሞ በፊልም ቀሩ፣ ያውም በውጭ ሰዎች ፊልም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውና ከፊሉ እዚሁ አገራችን የተቀረጸው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆነው ተጫውተዋል። ያ የሆሊውድ ፊልም ነው፣ ዛሬም የፈለገ ያገኘዋል። በዚያው ዘመን ብሔራዊ ቴአትር ወይም ስድስት ኪሎ ውስጥ የተጫወቱትን ግን ማን ያገኘዋል? ስማቸው ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር መታሰራቸው ነው። እሱም የሕይወታቸው አካል ነው፣ አይካድም። ተዋናይነታቸው ግን ከዚያ ሥር ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ስንቶቻችን አይተነዋል? እ.ኤ.አ. በ2014 ባዚ ጌቴ የተባለ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ ዳይሬክተር «ቀይ ቅጠሎች» የሚል ፊልም ሠራ። ኢየሩሳሌም የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። መነሻው የሼክስፒር ንጉሥ ሊር ነው። ዋናው ሰው መሰጋኒዮ ታደለ ይባላል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ከኢትዮጵያ እስራኤል ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ዕብራይስጥ መናገር ግን አይወድም። ሚስቱ ስትሞትበት በየልጆቹ ቤት እየዞረ ለመኖር ይነሳል። ያወቀው ሥርዓት በአንዱም ቤት የለም። መሰጋኒዮን የተጫወቱት ጋሽ ደበበ ናቸው።

ፊልሙን ያየሁት ጎንደር አብራኝ የተማረችና አሁን እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ የምትኖር ጓደኛዬ አስተዋውቃኝ ነው። እሷ ቴአትር የምትከታተል ሰው አይደለችም። ደወለችልኝና «አባቴን ነው ያየሁት» አለችኝ። የቱ ጋ? ስላት «ምንም ሳይል ሲቀመጥ» አለች። ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው። ሰውዬው ብዙ አይናገርም። ካሜራው ፊቱ ላይ ተጠግቶ ይቆያል። ጋሽ ደበበ እዚያ ፊት ላይ የሚያደርጉት ነገር በጣም ትንሽ ነው። መንጋጋቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ ያነሱና ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ። በዚያች ዕይታ ብቻ ልጁ እንደተረገመ ይገባችኋል። ግትር ናቸው፣ ያስቸግራሉ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ያስጠሉኛል። ግን እሳቸውን ትቼ ልጆቹ ጋ መቆም አልቻልኩም። ወጋየሁ ለፊታውራሪ መሸሻ ያደረገውን ጋሽ ደበበ ለመሰጋኒዮ አደረጉለት። ከአንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል።

ታዲያ አንድ ዳይሬክተር እስራኤል ላይ ካሜራ ባይደቅን ኖሮ ይህ የጋሽ ደበበ ትወና አይኖረንም ነበር። አንድ ሰው ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የቅጂ ማሽኑን ባይጫን ወጋየሁም አይኖረንም ነበር። ሌሎቹስ? ስማቸውን እየጠራን ፊታቸው የጠፋብን እነዚያ ሁሉ የመድረክ ሰዎች?

ለዚህ ነው የምጽፈው። የምለው አዲስ አይደለም፣ ከባድም አይደለም። መድረክ ላይ የሚወጣ ቴአትር ሁሉ ሳይወርድ በፊት ይቀረጽ። ሕዝብ በሞላበት ቀን፣ ሁለት ካሜራ ተተክሎ፣ ድምፁ በደንብ ተይዞ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አንዱ ቅጂ ቴአትር ቤቱ ዘንድ ይቀመጥ፣ ሌላው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ይግባ። ወመዘክር መጽሐፍና ጋዜጣ ይሰበስባል። የአንድ ተዋናይ ምሽትስ ለምን ይቅር?

የቴአትር ሰዎች ምን እንደሚመልሱ አውቃለሁ። ጠይቄያቸዋለሁ። «ቴአትር ከተቀረጸ ይሰረቃል፣ ስልክ ላይ ይለቀቃል፣ ማን ትኬት ይገዛል?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ተዋናይ በዚህ ኑሮ ውድነት የሚያገኛትን ትንሽ ገቢ ማንም እንዲነካበት አልፈልግም። መቅረጽ ግን ማሠራጨት አይደለም። ቴአትሩ መድረክ ላይ እስካለ ድረስ ቅጂው ተቆልፎ ይቀመጥ። ከወረደ በኋላ ደግሞ ለተማሪና ለተመራማሪ እዚያው ቁጭ ብለው እንዲያዩት ይፈቀድ። ባለመብቶቹ ከተስማሙ በቴሌቪዥን ይታይ፣ ይከፈላቸውም።

ሌሎች ደግሞ ቴአትር ለዚያች ምሽት ነው፣ ሲቀረጽ ይሞታል ይሉኛል። ይህን የሚሉኝ ወጋየሁን በአካል ያዩት ናቸው። እነሱ አይተዋል። እኔ አላየሁም፣ ተማሪዎቼም አላዩም። የደበዘዘ ምስል ቢሆን እንኳ ከምንም ይሻለናል።

ስለ ትረካውም አንድ ነገር አለኝ። ዛሬ በይነመረብ ላይ የሚዞረው «ፍቅር እስከ መቃብር» አብዛኛው ከካሴት የተገለበጠ፣ የተገለበጠውም ተመልሶ የተገለበጠ ነው። ይሾሻል። መሀሉ ይቆረጣል። አንዳንዱ ላይ የለቀቀው ሰው የራሱን ስም በትልቁ ጽፎ የወጋየሁን ስም ጨርሶ ይተወዋል። ተማሪዬ ሰብለን ያነበበችው ማን ናት ብትል ታዲያ ምን ይገርማል? የትም አልተጻፈላትም። ዋናው ቴፕ ያለው አካል ከዋናው ላይ ጥሩ አድርጎ ገልብጦ ያውጣው። መጀመሪያ ላይ የደራሲው ስምና የተዋናዩ ስም አብረው ይጠሩ። ቴፕ ደግሞ ዘላለም አይኖርም። ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል፣ ክሩ ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያድነውም።

ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ ቀላል ነው። በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ አንዲት ዓምድ ክፈቱ። ወጋየሁን፣ አስናቀች ወርቁን፣ ተስፋዬ ገሠሠን፣ ጋሽ ደበበን መድረክ ላይ ያዩ አንባቢዎች ያዩትን ይጻፉ። ውዳሴ አይጻፉ። ውዳሴ ሞልቶናል። ያዩትን ነው የምንፈልገው። የትኛው ቴአትር ነበር? ምን ለብሶ ነበር? ከየት በኩል ገባ? መጀመሪያ የተናገረው ምን ነበር? ሰው የሳቀው የት ላይ ነው? ሌላው ሲናገር እሱ እጁን የት አድርጎት ነበር? እንዲህ ያለችውን ነገር የሚያስታውስ ሰው ዛሬም በየሰፈሩ አለ። አብዛኛው ሰባ ዓመት አልፎታል። ጋዜጣችሁን የሚያነቡትም እነሱ ናቸው።

እኔ በበኩሌ ጀምሬዋለሁ። ተማሪዎቼ ለዚህ ሴሚስተር የቤት ሥራ አላቸው። እያንዳንዳቸው ከሰፈራቸው ወይም ከዘመዶቻቸው መካከል ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር ይገባ የነበረ አንድ አዛውንት ፈልገው፣ ከላይ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች ጠይቀው፣ በስልካቸው ቀድተው ያመጣሉ። ሰብለን ማን አነበበች ያለችኝ ልጅ ቀድማ አምጥታለች። ጎረቤታቸው ያሉ እናት በወጣትነታቸው ሀገር ፍቅር ይገቡ ነበር። ያስታወሱት አንዲት ትዕይንት ብቻ ነው፣ ግን ተዋናይዋ ነጠላዋን በየትኛው ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ሳይቀር ነግረዋታል። ልጅቷ ተነስታ ለክፍሉ አሳየች። ሌሎቹም አሁን አዛውንት እየፈለጉ ናቸው።

ዓምዱን ከከፈታችሁ ጽፈን እንልክላችኋለን። እያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ የአዛውንቱ ፈቃድ ይኖራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአማርኛ መምህርት
አዲስ አበባ